አለቃ ፈረንሳዊውን እንዴት እንዳረሙት

በዚህ አገር የሥልጣን ሁሉ ሥልጣን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ከንቲባነት አይደለም። ዳኝነትም አይደለም። አስተርጓሚነት ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንተን መሃል አስገብተው፣ አንዴ ይኼኛው አንዴ ያኛው አፍ አፍህን ሲያይህ የሚሰማህን ነገር ያልቀመሰ ሰው ሥልጣን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ያወራል፤ አንተ «ጨው ቀንሺ ነው የሚልሽ» ብለህ ትገላገላለህ። አክስትህ ከጉልበቷ ጀምራ የጎረቤቷን ምቀኝነት፣ የልጇን ስልክ አለማንሳት፣ የአውቶቡሱን መዘግየት ትዘረዝራለች፤ አንተ ወደ ሐኪሙ ዞረህ «ጉልበቷን ያማታል» ትላለህ። ሁለቱም አመስግነውህ ይሄዳሉ። እኔ ይህን ሥልጣን ለዓመታት ያለ ተቆጣጣሪ ሠርቼበታለሁ። እውነቱን ለመናገር አልፎ አልፎም ባልጌበታለሁ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ይኸው ሥልጣን ራሴው ላይ ሊዞርብኝ ሆነ። እንዴት እንደሆነ ለመናገር ከአማቴ መጀመር አለብኝ።

አማቴ አለቃ ይትባረክ ይባላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቴክሳስ ውስጥ ዋይሊ የምትባል ከተማ፣ እኛ ቤት ከመጡ ሦስት ዓመት አለፋቸው። አሁን ስለ አገር ናፍቆት ሊያወራን ነው ብላችሁ መሐረብ እንዳታወጡ። አለቃ ዋይሊን ወደውታል። ሰፊውን የእግረኛ መንገድ ወደውታል፣ የጎረቤታችንን ውሻ ወደውታል፣ ከውሻው ጋር በአማርኛ ይግባባሉ። የጎደለባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግድግዳ። የሚሣልበት ግድግዳ። ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕሎቹን አሳትሞ በጥቅል አስመጥቶ በአንድ ቅዳሜ ለጥፎ ጨረሰ። አለቃ ያን ቀን ቆመው አዩ፣ «ቀለሙ ያምራል» አሉ፣ ቤት ገቡና ብሩሾቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ሥዕል የሚባል ነገር አንስተው አያውቁም። ሚስቴ ትዕግሥት ግን አባቷን ታውቃለች፤ ሥራ የለመደ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሲውሉ ማየት አንጀቷን በላው።

«አባባ፣ ሳይን አፕ አድርጌዎታለሁ» አለቻቸው አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የሲኒየሮች የሥዕል ክላስ። ራይድ አለዎት፤ እሱ ይወስድዎታል፣ ያስተረጉምልዎታልም።»

«እሱ» ማለት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም።

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል፤ ስለ ራሴ ሳልናገር የቀረሁበት ጨዋታ የለም። ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ አንድ ትልቅ መጋዘን እሠራለሁ። ስድስት ዓመት ጎንበስ ቀና እያልኩ ዕቃ ከመደርደሪያ ስለቅም ከኖርኩ በኋላ ሊድ ሆኛለሁ። ሊድ ማለት የሃያ ሁለት ሰው ኃላፊ ማለት ነው። ብርቱካናማ ሰደርያዬን አጥልቄ፣ በባትሪ የምትሄድ ትንሽ መኪና ላይ ተቀምጬ፣ መስመር ለመስመር እየዞርኩ ሥራ አያለሁ። ሹመቱ ከተሰጠኝ ጊዜ አንሥቶ በሠርግም በለቅሶም ጨዋታውን እንደምንም አድርጌ ወደዚህች መኪና አመጣዋለሁ። ይኸው አሁንም አመጣሁት።

ወደ ክላሱ እንመለስ። መምህሯ ሚስ ዳያን ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች፣ ቀለም የነካው ሽርጧን የማታወልቅ፣ ደግ ሴት ናት። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ሲሆኑ ታናሹ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ያን ሰሞን የሚያጠኑት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በድሮ ዘመን የገጠር ሰው ሲሥል የኖረ አንድ ፈረንሳዊ። ስሙን እኔ ስጠራው ሚስ ዳያን ዓይኗን ስለምትጨፍን እዚህም «ፈረንሳዊው» እያልኩ ልለፈው።

ታሪኩን አለቃ ጆሮ ሥር ሆኜ አስተረጎምኩ። የገበሬ ልጅ ነው። ከአባቱ ጋር አርሷል፣ አጭዷል፣ በጭድ ላይ ተኝቷል። ኋላ እጁ ታየና ፓሪስ ልከው ሥዕል አስተማሩት። ያኔ ከተማው የሚወደው የነገሥታትና የጣዖታት ሥዕል ነበር። እሱ ግን ገበሬ ሥሎ መጣ፤ ያውም ትልቅ አድርጎ፣ ንጉሥ በሚሣልበት ሸራ ልክ። ከተሜው ተንጨረጨረ። ይሄን ጭቃ ማን ሳሎኑ ይሰቅላል ተባለ። እሱም አልተከራከረም፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገጠር ገባና ዕድሜውን ሙሉ ድንች ለቃሚ፣ እንጨት ተሸካሚ፣ ውሃ ቀጂ ሲሥል ኖረ። ያን ጊዜ የተናቁት ሥዕሎች ዛሬ በዘበኛ ይጠበቃሉ።

የአለቃ ፊት በራ። «ጠይቃት እስቲ፣ ቀለሙን ራሱ ነበር የሚበጠብጠው?»

ጠየቅኳት። ሳይሆን አይቀርም አለች።

«በል ወንድሜ ነው» አሉ።

ወንድማማችነቱ የቆየው እስከ አሥር ደቂቃ ነው። ሚስ ዳያን ሁሉም የሚገለብጡትን ሥዕል ቅጂ በየጠረጴዛው አደለች። ሦስት ሴቶች የድንች ማሳ ላይ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ፊታቸው የሚታየው በጎን ብቻ ነው፤ እሱም ግማሹ በሻሽ ተሸፍኗል። ከወዲያ ራቅ ብሎ የማሳው ተቆጣጣሪ አለ፤ ነጭ ፈረስ ላይ ደልደል ብሎ፣ ፊቱን ወደኛ መልሶ ተቀምጧል። አለቃ ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ደግሞ አራቁት።

«ምን በድለው ነው?» አሉኝ።

«እነማን?»

«እነዚህ ሴቶች ናቸዋ። ምን ሠርተው ነው አንድ አንድ ዓይን የሰጣቸው?»

ዘንግታችሁት ከሆነ ላስታውሳችሁ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። በጎን የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚወጣለት፣ ከሐዲው ነው፤ ሰቃዩ ነው፤ ሰይጣኑ ነው። አለቃ በአርባ ዓመት ውስጥ ለስንት ይሁዳ አንድ ዓይን እንደሰጡ እሳቸውም አያውቁትም። አሁን እንግዲህ እሳቸው ሆናችሁ ያችን ወረቀት እዩልኝ። ሦስት ምስኪን ሴቶች በአንድ ዓይን፤ የሚያሠራቸው ሰውዬ በሁለት።

«ይሄ ደግሞ» አሉ ባለፈረሱን በጥፍራቸው እየነኩ፣ «ፈረሱ ነጭ ስለሆነ ጊዮርጊስ መሰለው እንዴ?»

ሚስ ዳያን ፈገግ ብላ መጣችና ምን አሉ አለችኝ።

«ሥዕሉ በጣም አስደነቃቸው» አልኳት። ሥልጣን ስላችሁ ይህንን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዣችን የአለቃ ሆነ፤ እኔም መኪናዬን ውጪ፣ ፀሐይ ላይ ፓርክ እንዳደርግ ተፈረደብኝ። ብሩሾቹ ከአልጋ ሥር ወጡ። ማንም እንዳይገባ ተከለከለ። ጠዋት ጠዋት ከጋራዡ ዜማ ይሰማል፤ ምሳ ሲቀርብ «ቆይ ይቺን ልጨርስ» ይባላል፤ ሲበሉ ደግሞ ሁለት ሰው የሚበላውን ይበላሉ። ትዕግሥት ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ነበር። ግን ተማሪዎቹ ሥዕላቸውን በከተማው አዳራሽ የሚያሳዩበት የኤግዚቢሽን ቀን ሲቃረብ ወደ ጓሮ ጠርታ ወሰደችኝ።

«አባባ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ይሄ ከተሰቀለ እሥላለሁ። ካልተሰቀለ ብሩሾቹን ለሰንበት ተማሪዎች ስጡልኝ፣ እግዜር በቃህ ብሎኛል ማለት ነው› አሉኝ። ጆክ አይደለም፣ የምራቸውን ነው። ሶ ፕሊስ፣ እዚያ ስትሄድ ነገር እንዳታበላሽ።»

«እኔ ምን አበላሻለሁ?» አልኳት። ከልቤ ነበር።

በማግስቱ ሥዕሉን ለሚስ ዳያን ለማሳየት ወደ መኪናው ሳወጣ አንሶላው ተንሸራቶ ወደቀ። ባለሁበት ቀረሁ። ማሳው የፈረንሳዊው ማሳ ነው፤ ሰማዩም፣ የድንቹ ቅርጫትም ያው ነው። ሴቶቹ ግን ቀና ብለዋል። ሦስቱም ቀና ብለው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በእነዚያ የአለቃ ትልልቅ ዓይኖች ቀጥ አድርገው ያዩኛል። መሃለኛዋ ቁርጥ ትዕግሥትን ናት። የቀሩትን ሁለቱንም አወቅኳቸው፤ እኔ ጋ መስመር ሰባት ላይ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ስማቸውን ለመጥራት ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ከዚያ ዓይኔ ወደ ባለፈረሱ ሄደ። በጎን ነው የተሣለው። አንድ ዓይን ነው ያለው። ጢሙ የኔ ጢም ነው። ፈረሱ ላይ የተቀመጠው ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ነው።

መቼ እንዳዩኝ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መሥሪያ ቤታችን የቤተሰብ ቀን ብሎ ሰው ሁሉ ዘመዱን ሲያስጎበኝ፣ አለቃን መኪናዋ ላይ አጠገቤ አስቀምጬ መጋዘኑን አዙሬያቸው ነበር። ኩራቴ ለከት አልነበረውም። መስመር ሰባት ጋ ስንደርስ ሁለቱ ሴቶች ከታችኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውጣት አጎንብሰው ነበር። እኔ ሳልቆም፣ ዞርም ሳልል፣ «ላይን ሰባት፣ ፈጠን ፈጠን!» ብዬ አለፍኩ። አለቃ ግን ዞረው አይተዋቸው፣ ባርኔጣቸውንም አንሥተውላቸው ነበር።  ለካ ነገሩን ቤት ይዘውት ገብተዋል።

ተናደድኩ። አልዋሻችሁም፣ አበላቸዋለሁ አጠጣቸዋለሁ እያልኩ በሆዴ ቆጠርኩ። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ሐፍረት ነበረ፤ እሱ ይባስ አናደደኝ። መንገዱን ሙሉ ሬድዮ ከፍቼ ነዳሁ። አለቃም ደህና አደርክ እንዳልተባለ ሰው በመስኮት እያዩ ሄዱ።

ሚስ ዳያን ሥዕሉን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ቀረበችው፣ ራቀችው፣ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ወደኔ ዞራ ታወራ ጀመር። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም። እጅግ ያምራል። ግን ኤግዚቢሽኑ የቅጂ ኤግዚቢሽን ነው፣ ደንቡም ሥዕሉ እንዳለ ይገልበጥ ይላል፣ ኮሚቴውም ደንቡን አጽድቆታል። ሴቶቹ ማጎንበስ ነበረባቸው፣ ሰውየውም ወደኛ መዞር። ስለዚህ ወይ አለቃ ያስተካክሉት፣ ወይ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

«ምን አለች?» አሉ አለቃ።

አሁን እኔን አስቡኝ። የሚያስፈልገኝ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «ኮሚቴው አልፈቀደም አለች፣ እንሂድ» ብል ውሸት እንኳ አይሆንም። ሥዕሉ በአንሶላው ተጠቅልሎ ጋራዥ ይገባል፤ እኔም ከነሰደርያዬና ከነአንድ ዓይኔ ከተማው አዳራሽ ውስጥ ከመሰቀል እድናለሁ። የሚያውቅብኝ የለም። አፌን ከፈትኩ። አለቃ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው አፍ አፌን ያያሉ። ጥፍራቸው ሥር ቀይና ሰማያዊ ቀለም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚያን ጥፍሮች ንጹህ ሆነው ነበር የማያቸው።

«ወዳዋለች» አልኩ። «በጣም ወዳዋለች። ግን ፈረንሳዊውን ቀየሩት ነው የምትለው። ቅጂ አይደለም፣ ደንቡ አይፈቅድም፣ ካልመለሱት አይሰቀልም ትላለች።»

አልተቆጡም። ተነሡና የፈረንሳዊውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጣታቸውን ከወረቀቱ ግርጌ አሳረፉ። «ንገራት። እሱ እዚህ ጋ ቆሞ ሣለ። ጎበዝ ሰዓሊ ነው፣ ያየውን ነው የሣለው።» ከዚያ ጣታቸውን እየጎተቱ ወደ ወረቀቱ ጎን፣ ሴቶቹ ፊት ወዳለው ባዶ ጠረጴዛ አመጡት። «እኔ ደግሞ ዞሬ እዚህ ጋ ቆምኩ። ምንም አልቀየርኩም። ማሳው ያው፣ ሰዎቹ ያው። እዚህ ሲቆሙ የሴቶቹ ፊት ይታያል፤ ባለፈረሱ ደግሞ በጎን ይሆናል። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

አስተረጎምኩ። አንዲት ቃል አልቀነስኩም፤ እንደኔ ላለ አስተርጓሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሚስ ዳያን ወረቀቱን ዞራ ሄዳ የአለቃ ጣት ያለበት ቦታ ቆመች። 

«ቀና ማለታቸውስ?» አለች።

«ሰው መጥቶ ፊታቸው ሲቆም ጊዜ ነዋ» አሉ አለቃ። «እንዴት ዋላችሁ አልኳቸው። እግዜር ይመስገን ሊሉኝ ቀና አሉ።»

ይህንንም እንዳለ አስተረጎምኩ። ሚስ ዳያን መነጽሯን አውልቃ በሽርጧ ጠረገች፤ ሽርጡ ቀለም ስለነበረው መነጽሩ ባሰበት። ከዚያ ወደ ባለፈረሱ ጎንበስ ብላ፣ ይሄ ዘመናዊ ሰደርያ የለበሰው ማነው ብላ ጠየቀች። አለቃ ጥያቄውን ሳላስተረጉምላቸው ገባቸውና ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ጢሜን አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። አለቃም ሳቁ። እኔም ልቆጣ አስቤ ሳቅኩ። ሚስ ዳያን በመጨረሻ ፈረደች። ደንብ ደንብ ነው፤ የቅጂዎቹ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ግን ስለ አዳራሹ በር ደንቡ ምንም አይልም፤ በሩ ላይ፣ ለብቻው፣ በማቆሚያ ይቁም።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ? ወደ አዳራሹ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚያን ሦስት ሴቶች ሆነ። ሰው ስልኩን እያየ ይገባል፣ ቀና ሲል ስድስት ዓይን ያገኘዋል፣ ስልኩን ኪሱ ይከታል። በሩ በሰው ተዘጋ። ከኋላ ያሉት ምንድን ነው፣ ምንድን ነው ይላሉ። ከጎረቤት ከተማ ከማኪኒ የመጡ የአለቃ የማኅበር ጓደኞች ነጠላቸውን አጣፍተው እየተገፉ ገቡ። የውስጡ ግድግዳ ላይ አሥር የተጎነበሱ ሥዕሎች ለብቻቸው ቀሩ፤ የሣሏቸው ሰዎች ራሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

ከነሱ አንዷ ሚስ ኦፓል ናት፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፣ በአራት እግር ምርኩዝ ነው የምትሄደው፣ ክላስ ውስጥ ከአለቃ አጠገብ ተቀምጣ አንድም ቀን ቃል አልተለዋወጡም። ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከዚያ ወደ አለቃ ዞራ ቀስ ብላ ተናገረች፤ አለቃም እኔን አዩኝ።

«እናቴ ጥጥ ለቃሚ ነበረች ትላለች» አልኩ። «እዚሁ ቴክሳስ። ልጅ ሆኜ ከኋላዋ እሄድ ነበር፣ የማውቀው ጀርባዋን ነው ትላለች። ቀና ስትል…» አቃተኝ። ወደ ሥዕሉ ዞር አልኩ። «ቀና ስትል ዛሬ ገና አየኋት ትላለች።»

አለቃ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እስከ ወገባቸው ጎንበስ አሉላት። ሚስ ኦፓል ምርኩዟን ለቀቀችና እጃቸውን ያዘች። ያን ጊዜ ትዕግሥት፣ የሆስፒታል ልብሷን እንኳ ሳትለውጥ ከሥራ የመጣችው ትዕግሥት፣ እልልታዋን አቀለጠችው። የማኅበሩ ሴቶች ተቀበሏት። አንድ ጥበቃ ሮጦ መጣ፤ ነገሩ ገብቶት እሱም ያጨበጭብ ጀመር። ጎብኚው በወረቀት መርጦ ለአንደኛው የሚሰጠው ሰማያዊ ሪባን የማን እንደሆነ ለመናገር ወረቀቱን መክፈትም አላስፈለገ። ኮሚቴው ራሱ ሪባኑን ይዞ ከውስጥ ወደ በሩ መጣ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደንቡን በገዛ እጁ እንዳጸደቀ ረስቶት ከሥዕሉ ጋር ፎቶ ተነሣ።

ሚስ ዳያን የሚቀጥለውን ክላስ እሳቸው ያስተምሩ አለች። ዓይን እንዴት እንደሚሣል። አስተረጎምኩ።

«ብሩሾቼ ለአሥር ሰው ይበቃሉ ወይ?» አሉ አለቃ። ትዕግሥት ይህን ስትሰማ ፊቷን ግድግዳው ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ ደስታ ነው። አንድ ጎብኚ ደግሞ ፈረንሳዊውን አስናቁት እኮ ሲላቸው አለቃ ተቆጡ። «አይባልም። እሱ ባይሥላቸው እኔ የት አገኛቸው ነበር?»

ወደ ቤት ስንመለስ ሪባኑ ጭናቸው ላይ ነበር። በመጨረሻ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ እኔኮ አማችዎ ነኝ። ሁለተኛው ዓይኔ የት ገባ?»

«አለ እኮ» አሉ፣ ሪባኑን እያገላበጡ። «በወዲያ በኩል ነው ያለው። ፊትህን ስትመልስ ይታያል።»

ሰኞ ጠዋት ግራንድ ፕሬሪ ስደርስ መኪናዋን መስመር አንድ ላይ ፓርክ አድርጌ በእግሬ ወጣሁ። መስመር ሰባት ጋ ሁለቱ ሴቶች እንደ ሁልጊዜው ታችኛው መደርደሪያ ላይ አጎንብሰዋል። ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ። «እንዴት አደራችሁ?» አልኩ። ቀና አሉ። አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በአራት ዓይን፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ካየኋቸው ዓመት ያለፈኝ ይመስል ፊታቸው አዲስ ሆነብኝ። አንደኛዋ፣ ያገሬ ልጅ ናት፣ ጓንቷን አውልቃ ግንባሬን ልትዳስሰኝ እጇን ዘረጋች።

«ምነው ወንድሜ፣ ሲክ ነህ እንዴ?» አለችኝ። «ወይስ ሌይኦፍ ብለህ ልታባርረን ነው?»